ጆሮና አፍንጫ የወፍጮውን ሞተር ሲለኩ

እትዬ ወፍጮ ሁለት የወንድም ልጆች አሏቸው። ሁለቱም የናፍጣ ሞተር መካኒኮች ናቸው፣ ሁለቱም እጃቸው የተመሰከረለት ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ድፍን ሦስት ዓመት እርስ በርስ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ኖረዋል።

ታላቅየውን ሰፈሩ ጆሮ ይለዋል። ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደቅናል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከሩቅ ዘመድ ስልክ እንደተደወለለት ሰው “እህ... እህ... እሺ” እያለ ያዳምጣል። ታናሽየው አፍንጫ ነው። እሱ ጭስ ማውጫው ኋላ ቆሞ ጭሱን ይስባል፣ የዘይት ዘንጉን አውጥቶ ያሸታል፣ አንዳንዴም ባለመኪናውን ጭምር ጠጋ ብሎ ያሸተውና “አንተ ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር ትጠላለህ” ይለዋል። ሰውም ይደነቃል።

እንዲህ የሆኑት ግን ወደው አይደለም። አባታቸው ሲሞቱ አንድ ጋራዥና አንድ የኮምፕሬሽን መለኪያ ትተውላቸው ነበር። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስለት የለም፤ ፒስተኑ አየሩን ጨፍልቆ ያግለውና ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። አየሩ በየሲሊንደሩ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ የሚናገረው ይህ መለኪያ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ባለመርፌ ክብ ሰሌዳ ነው፣ ሌላው ሰሌዳውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ቱቦዎች ናቸው።

ወንድማማቾቹ በዚህ መለኪያ ተስማምተው ሲሠሩ ቆይተው አንድ ቀን የእንጨት ነጋዴው የጭነት መኪና መጣ። አንዱ ሲሊንደር ግፊቱ ወርዶ ተገኘ። ታላቅየው “ፋሻ ነው” አለ፤ ፋሻ የሚሏቸው ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች ናቸው። ታናሽየው “ቫልቭ ነው” አለ። ሁለት ቀን ተከራክረው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሲከፈት ፋሻውም ደህና፣ ቫልቩም ደህና፤ የተሰነጠቀው የሞተሩ ራስ ሆኖ አረፈ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ታዲያ እያንዳንዱ የራሱን ስህተት በዚያው ዕለት ረሳ፣ የወንድሙን ግን መርሳት አቃተው። ጋራዡ ለሁለት ተከፈለ። ዕቃ ሲካፈሉ ሰሌዳው ለታላቅየው፣ ቱቦዎቹ ለታናሽየው ደረሱ። ሰሌዳው ያለ ቱቦው ሰዓት የማይነግር ሰዓት ነው፤ ቱቦው ያለ ሰሌዳው ሽንኩርት ለማጠጣት እንኳ ያጥራል። የጎደለውን ግማሽ መግዛት ደግሞ ለሁለቱም እጅ እንደመስጠት ሆነባቸው። አንዱ በጆሮው፣ ሌላው በአፍንጫው መሥራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አክስታቸው እትዬ ወፍጮ ስድሳን ያለፉ፣ ሽፋሽፍታቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር አጠገብ ስለኖሩ ምስጢር ሲያወሩ ሦስት ቤት ያልፋል። ወፍጮ ቤታቸውን የሚያዞረው ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ከኋላ በኩል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስኬድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ሞተር ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየተለመነ ይነሳል፤ ተነሥቶም ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ እህል ሲገባበት ድንጋዩ ይደክማል። የሚወጣው ዱቄት ሻካራ ሆነ። አንዲት ደንበኛ ከረጢቷን ከፍታ ስታይ ቆይታ ይህ ለሰው ነው ወይስ ለዶሮ ብላ ጠየቀች። እትዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

በማግስቱ ለሁለቱም ሰው ላኩ። ለጆሮ ሰሌዳህን ይዘህ ና፣ ለአፍንጫ ቱቦህን ይዘህ ና ተባለ። እያንዳንዱ አክስቱ የጎደለውን ግማሽ ከሆነ ቦታ ያገኙለት መሰለውና ደስ እያለው መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ጆሮ ፒክአፑን በሩ ላይ ሲያቆም፣ አፍንጫ ቱቦዎቹን በፌስታል አንጠልጥሎ ከማዕዘኑ ብቅ አለ። ተያዩ። ሁለቱም እኩል ዘወር ሊሉ ሲሉ አክስታቸው ከኋላ ደርሰው አንዱን በክንዱ፣ አንዱን በኮሌታው ይዘው ወደ ሞተሩ ክፍል አስገቧቸው፤ እሳቸውም አብረው ገብተው የብረቱን በር ከውስጥ ቆለፉ፤ ቁልፉን የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

“ሞተሬ ታሟል” አሉ። “መለኪያው ካንዳችሁ፣ ቱቦው ካንዳችሁ ነው። ይለካልኝ። ከተለካ በኋላ የመኳረፍ መብታችሁ የተጠበቀ ነው።”

ወረፋ የያዙት ደንበኞች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየተፈራረቁ ማየት ጀመሩ።

አሠራሩን ሁለቱም ያውቁታል። ናፍጣው ይዘጋል፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ይፈታል፣ በቀዳዳው ቱቦው ይታሰራል፣ ቱቦው ላይ ሰሌዳው ይገጠማል፣ ከዚያ አንድ ሰው ቁልፍ አዙሮ ሞተሩን ያሽከረክራል፤ መርፌው የቆመበት ይነበባል። ችግሩ ሥራው ንግግር መፈለጉ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሦስቱም ተጣብቀው ቆመዋል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞቀዋል። ጆሮ ግን ፊቱን ወደ አክስቱ አዙሮ፣ “እትዬ፣ ለሰውየው ቱቦውን አጥብቀህ እሰር ይበሉልኝ” አለ።

እትዬ ወደ አፍንጫ ዞሩ። “ወንድምህ፣ እባክህ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጋት ይልሃል።”

“ቱቦ ማሰር ከሱ እንደማልማር ይንገሩልኝ።”

“እሺ ወንድሜ ብሏል” አሉ እትዬ፣ ወደ ጆሮ ዞረው።

ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ የተነገረውን ሁለቱም በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ቢሆንም የትርጉም ሥራውን ማንም አልተቃወመም። እትዬ የሞተሩን ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሩ እኝኝ... እኝኝ... እያለ ከበደው። በመጀመሪያው ሲሊንደር መርፌው አሥራ ስምንት ላይ ቆመ። ሁለተኛው አሥራ ሰባት፤ ሦስተኛው አሥራ ስምንት። እትዬ ቁጥሮቹን በጠመኔ በሩ ላይ ጻፏቸው። የዚህ ዓይነት ሞተር ጤነኛ ሲሆን ወደ ሃያ ሰባት መድረስ እንዳለበት ከሟች ወንድማቸው ሰምተው ያውቃሉ።

ጆሮ ቁጥሮቹን አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ፋሻው በሦስቱም ሲሊንደር አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለ። አፍንጫ ደግሞ ለአክስቱ ሲያስረዳ ስድስቱም ቫልቮች መበላታቸውን፣ እሱ ገና ከመንገድ ላይ ሳለ ሽታው እንደነገረው ገለጸ። እንደ ሐኪም ይናገሩ ነበር፤ ተራ በተራ፣ እርግጠኛ ሆነው፣ በሽተኛው ሊሞት እንደሆነ ብቻ ተስማምተው።

እትዬ በሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በጠመኔው ነኳቸው።

“ሦስት ሰው ሦስት ጆንያ ያመጣልኛል” አሉ። “አንዱ ቢጎድል ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ሦስቱም እኩል ከጎደሉ ግን ዞሬ የማየው ሚዛኔን ነው። ሦስት ሲሊንደር እንዴት ተቀጣጥሮ እኩል ይታመማል?”

ከቆርቆሮው ውጭ አንድ ሰው “ልክ ናቸው” ሲል ተሰማ።

የሚዛን ነገር ሲነሣ አፍንጫ ፊቱ በራ። ያ ሰሌዳ ምናልባት ከእጅ ወድቆ እንደሆነ ይጠየቅልኝ አለ። ጆሮ በበኩሉ ሰሌዳው በጥጥ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ እንደሚኖር፣ ቱቦዎቹ ግን በፌስታል መምጣታቸውን ሁሉም ያየው እንደሆነ አስተላለፈ። እትዬ ይህን ሁሉ ወደ ጨዋ ቋንቋ እየመለሱ ማመላለስ ደከማቸው። መለኪያውን በጤነኛ ሞተር ፈትኑት ብለው በሩን ከፈቱ። ጤነኛ ሞተር ያለው በደጅ ነው፤ የጆሮ ፒክአፕ።

ፒክአፑ ላይ ሲለካ ነገሩ ለሁለቱም አስጨናቂ ሆነ። ለአፍንጫ፣ ቁጥሩ ዝቅ ቢል ሰሌዳው ተበላሸ ሊባል ነው፤ ግን ቱቦውም አብሮ ሊወቀስ ይችላል። ጆሮን ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ቢል ወይ መለኪያው ወይ መኪናው ሊያሳፍረው ነው። ደንበኞቹ ጆንያቸውን ትተው ከበቧቸው። መርፌው ወጥቶ ሃያ ስምንት ላይ ቆመ። መለኪያው ከነቱቦው ጤነኛ ነው። ሁለቱም እኩል ተንፈስ አሉ፣ እኩል ደግሞ ቅር አላቸው።

ወደ ሞተሩ ክፍል ተመለሱ። መለኪያው ካልዋሸ፣ ሦስቱም ሲሊንደር ደግሞ አብረው ካላረጁ፣ ለሦስቱም የጋራ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ጆሮ ካቻቢቴውን ሳያነሳ፣ ሞተሩ ቅድም ሲሽከረከር የነበረውን ድምፅ አስታወሰ። አዝጋሚ ነበር። ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር አየሩን አይጨፈልቅም፤ እየጨፈለቀ ያስመልጠዋል። ባትሪው ደክሟል። ከፒክአፑ ባትሪ ገመድ ተስቦ እንደገና ተለካ፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ። ጥሩ ነው፤ ግን ገና ነው።

አሁን አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። ጥቁር ጭስ የሚወጣው ሞተሩ አየር ሲያጥረው ነው፤ እንደ ሰው መተንፈሻው ከታፈነ የሚጨፈልቀው ምን አለው? በሞተሩ ጎን ተጋድሞ ክንዱን ወደ አየር ማስገቢያው ሰደደ። የነካው ግን ብረት አልነበረም። ለስላሳና ጸጉራም ነገር ሆነበትና እጁን ፈጥኖ መለሰ።

“ምን አለ?” አሉ እትዬ።

“የሞተ እንስሳ ይመስለኛል” አለ አፍንጫ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲተማመንበት የኖረው አፍንጫው ምንም አልነገረውምና አፍሯል።

ጎትቶ አወጣው። እንስሳ አይደለም። በሲባጎ ሦስት ዙር የታሰረ ግማሽ ብርድ ልብስ ነው፤ ዱቄቱና ዘይቱ ተቀላቅለው አቡክተውታል፣ ግለቱ ደግሞ ጋግሮታል፤ መሬት ላይ ሲጥለው ጓ አለ። ወንድማማቾቹ ብርድ ልብሱን አዩ። ከዚያ አክስታቸውን አዩ። እትዬ ሽርጣቸውን አስተካከሉ።

“አቧራ ሞተር ይገድላል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ” አሉ። “አንዱ በስልክ፣ አንዱ በአካል። እኔ ልከላከል ብዬ ነው።”

“ከአቧራ ነው እንጂ ከአየር ይከላከሉ ብለናል?” አለ ጆሮ።

አፍንጫ ከንፈሩን ነከሰ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ወንድሙ ሄደ፤ የወንድሙ ዓይን ደግሞ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሁለቱም ሳቃቸውን ውጠው በፍጥነት ወደ ግድግዳው ዞሩ። የግማሹን ብርድ ልብስ ሌላ ግማሽ የት እንዳደረጉት ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

አየር ማጣሪያው ተራግፎ፣ ባትሪው ከፒክአፑ እንደተያያዘ፣ ሦስተኛ ጊዜ ተለካ። እትዬ በጠመኔ ጻፉ፤ ሃያ ሰባት። ሃያ ስድስት። ሃያ አንድ።

እዚህ ላይ ሳቁ ጠፋ። ሁለቱ ድነዋል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ግን እውነተኛ ሕመም አለበት። የብርድ ልብሱ ጥፋት የሱን ሸፍኖለት ቆይቷል። ወንድማማቾቹ ቁጥሩን ሲያዩ የእንጨት ነጋዴው መኪና ተመልሶ በመካከላቸው የቆመ ያህል ሆኑ። ጆሮ ዝግ ባለ ድምፅ ፋሻ መሆኑን አሳወቀ። አፍንጫ በተመሳሳይ ድምፅ ቫልቭ መሆኑን አሳወቀ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለዚህ የቆየ ፈተና አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል። ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ስለሚደፍን ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው፤ ባለበት ከቀረ ቫልቭ ነው። እትዬ ከቤት የሻይ ማንኪያ አመጡ። አፍንጫ ቀድቶ ጨመረ፤ እንዳያንስ ብሎ ትንሽ ደገመ። ቁልፉ ዞረ። መርፌው ከሃያ አንድ ተነሥቶ ሃያ ሦስትን አለፈና ሃያ አራት ላይ ቆመ። እንደ ፋሻ ብዙ አልወጣም፤ እንደ ቫልቭም ባለበት አልቀረም። መሃል መንገድ ላይ ተቀመጠ።

“አበዛኸው” አለ ጆሮ።

እትዬ ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የሚተረጎም ነገር እንደሌለ ሲገባቸው ዘጉት። ቃሉ የተነገረው ለሳቸው አልነበረም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የነበረው ዓይን እንኳ መርገብገብ አቆመ።

“ምን አልክ?” አለ አፍንጫ።

“ዘይቱን አበዛኸው አልኩህ። የናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ሲወጣ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ዘይቱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ቦታው ሲጠብ ቁጥሩ ይወጣል። ፋሻው ምንም ሳይሆን ይወጣል። አባባ ስንት ጊዜ ነው የነገረን?”

“ለአንተ ነው የነገረህ። እኔን አምኖኛል።”

“ባያምንህ ነው ማንኪያ የሚደብቅብህ የነበረው።”

ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ነው ጆሮ በራሱ ላይ መመስከሩ የታወቀው። የቁጥሩ መውጣት ለሱ ፋሻ የሚመች ማስረጃ ነበር፤ እሱ ግን ዋጋ የለውም ብሎ በገዛ አፉ ጣለው። አፍንጫም ይህ ገብቶት አፍ አፉን አየው። ለመመለስ ያዘጋጀው ስድብ ነበረው፤ ለወራት የተዘጋጀበት፤ ነገር ግን አሁን የሚስማማበት ቦታ አጣለት።

“ክዳኑን ላንሳው?” አለ በመጨረሻ። “ሞተሩን ሳናወርድ የቫልቮቹን ክፍተት እንየው።”

“አንሣው” አለ ጆሮ።

የሞተሩ የላይ ክዳን ተነሣ። እያንዳንዱ ቫልቭ ሲዘጋ ከላይ ከሚገፋው ብረት ጋር እንደ ወረቀት ቀጭን ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ክፍተቱ የሚለካው በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ነው። ጆሮ ቅጠሎቹን ያዘ፣ አፍንጫ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ። አንደኛው ሲሊንደር ላይ ቅጠሉ ገባ። ሁለተኛው ላይ ገባ። ሦስተኛው ላይ፣ ጭስ በሚያስወጣው ቫልቭ፣ እጅግ ቀጭኑ ቅጠል እንኳ አልገባም። ቫልቩ ከልኩ በላይ ጠብቋል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አቅቶት አየሩን ሲያስመልጥ ኖሯል። የሚያስፈልገው አንዲት ብሎን ላላ ማድረግ ብቻ ነው።

ሁለቱም እጃቸው ቆመ። ይህን ሞተር ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከሉት እነሱ ራሳቸው፣ ሳይጣሉ በፊት፣ አብረው ነበሩ። ቅጠሉን የያዘው ታላቅየው፣ ብሎኑን ያጠበቀው ታናሽየው። ሁለቱም ይህን ያስታውሳሉ፤ አፍንጫ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣበትን ይጠብቅ ጀመር። እትዬም የሽርጣቸውን ኪስ ጨብጠው ጠበቁ።

ጆሮ ብሎኑን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“ቫልቭ ሲሠራ የሚያርፍበትን ወንበር ይበላል” አለ። “ሲበላ ደግሞ ክፍተቱ በራሱ ይጠባል። ማንም ያጠበቀው የለም።”

ይህ እውነት ነው። ይህን ያህል ይጠባል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አፍንጫ መልሱን ያውቀዋል፣ ወንድሙም እንደሚያውቀው ያውቃል። መፍቻውን አነሣና፣ ጆሮ ቅጠሉን ይዞለት፣ ብሎኑን ሩብ ዙር አላላው። ጆሮ ትንሽ መልስ አለ፤ መለሰ። በቃ አለ፤ ቆመ። ሲለካ ሃያ ስድስት ሆነ። እትዬ የድሮዎቹን ቁጥሮች በመዳፋቸው አጥፍተው አዲሶቹን ጻፉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ያረፈውን ዱቄትና ጠመኔ በሽርጣቸው ሲጠርጉ አፍንጫቸውንም አብረው ጠረጉት።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ጭሱ ሳሳ፤ ድንጋዩ ዞረ፤ እህል ሲገባበትም ድምፁ አልወረደም። ቀኑን ሙሉ ወረፋ የያዘችው ደንበኛ፣ ያቺው የዶሮ ነገር ያነሳችው፣ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሽታ አየችና ምንም ሳትናገር ከረጢቷን አሰረች። እትዬ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠሩት። ሞተሩ አዲስ ባትሪ እንደሚያስፈልገውና ከብርድ ልብስ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥ ወንድማማቾቹ ተቀባብለው መከሯቸው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲጨርስ፣ ሁለቱም ሲጨርሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ሲደግሙት፣ እትዬ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ መንገዱ አባረሯቸው።

ጆሮ ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ። ደግሞ አዞረ፤ ጠቅ። ቀኑን ሙሉ ለወፍጮው ሲሰጥ የዋለው ባትሪ አልቆ ነበር።

አፍንጫ ፌስታሉን አንጠልጥሎ መንገድ ጀምሯል። ድምፁን ሰምቶ ቆመ። ተመልሶ መጣና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

“ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮን ርገጥ። እገፋዋለሁ።”

“በሦስተኛ ነው የሚነሳው።”

“በሁለተኛ ነው።”

“መኪናው የኔ ነው።”

“ጉልበቱ የኔ ነው።”

ደንበኞቹ ጆንያቸውን አስቀምጠው መጡና ከአፍንጫ ጋር ትከሻቸውን ለፒክአፑ ሰጡ፤ ከነሱም ግማሾቹ ለሁለተኛ፣ ግማሾቹ ለሦስተኛ ይከራከሩ ነበር። መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ተንከባለለ፣ ተንገራገጨ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ተነሣ። ጆሮ ሳያቆመው ቀስ አድርጎ እየነዳ የጎኑን በር ከውስጥ ከፈተለት። አፍንጫ ሮጦ ገባ። በየትኛው ማርሽ እንደተነሣ ሰው ጠየቀ፤ መልሱን የሰማ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ እየተናገሩ ነበር።